የቀርከሃ ክር ሹራብ ሲሰቀል ይረዝማል፤ ንድፌን በየትኛው ልኬት ላስላ?

ጥያቄ (መርፌ ወዳጅ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እጅጌ የሌለው የበጋ ሹራብ በራሴ ንድፍ ልሠራ ነው። ክሩ መቶ በመቶ የቀርከሃ ቪስኮስ፣ 50 ግራሙ 110 ሜትር፣ መርፌው 4 ሚሊ ሜትር ነው። ናሙናው (ለመለኪያ የሠራሁት ቁራጭ) ከመርፌ እንደወረደ በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ቀለበትና 30 ረድፍ ነበር። አጥቤ፣ አድርቄና ሰቅዬ ስለካው 23 ቀለበትና 27 ረድፍ ሆነ። ደረት 92፣ የምፈልገው ቁመት 54 ሴንቲ ሜትር። የቅጠሉ ቅርጽ በ10 ቀለበት ይደጋገማል፣ መጨረሻ ላይ 1 ይጨመርበታል። የትኛውን ቁጥር ልያዝ? ክሩም ከብረት መርፌው እየሾለከ አስቸገረኝ።

መልስ 1 (ልቃቂት)፦
እህቴ፣ ለስሌቱ የተሰቀለውን ያዢ። የመጀመሪያው የሚጠቅምሽ እየሠራሽ በሜትር ስትለኪ ብቻ ነው። ሱፍ ጥቅልል ያለ ስለሆነ ሲስቡት ይመለሳል። ቪስኮስ ግን ልሙጥ ነው፣ ክብደትም አለው፤ አንዴ ከተሳበ እዚያው ይቀራል። ቁመቱ ሲጨምር ወርዱ ይጠባል፤ ቀለበቱ ከ22 ወደ 23 የወጣውም ለዚህ ነው።

ወርድ፦ ለደረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ልቀት (ገላ ላይ እንዳይጣበቅ የሚተው ትርፍ) ስጪው፣ 96 ይሆናል፤ ለፊትና ለኋላ ሲካፈል 48። 48 በ2.3 ሲባዛ 110 ገደማ። ቅርጽሽ 11 ጊዜ ተደጋግሞ 1 ሲጨመር 111 ነው፤ ለጎን ስፌት አንድ አንድ ጨምረሽ በ113 ጀምሪ።

ቁመት፦ 54 በ2.7 ሲባዛ 146 ረድፍ። ይህ መርፌ ላይ እያለ ሲለካ 48.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አጠረ ብለሽ አትቀጥዪ! በሜትር ለክተሽ እስከ 54 ብትሠሪ 162 ረድፍ ይሆናል፣ ሲለበስ ወደ 60 ይወርዳል። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ሜትሩን ትተሽ ረድፍ ቁጠሪ።

መልስ 2 (ኪሮሽና መርፌ)፦
ስሌቱ ላይ ተስማምቻለሁ። ናሙናው ግን ትንሽ ከሆነ ያታልላል፤ ከ15 በ20 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ከላይ በመቆንጠጫ ሰቅለሽ ከታች ጠርዙ ላይ ሁለት ሦስት መቆንጠጫ አንጠልጥዪ፣ እስከ ማግስቱ ይቆይ። የሙሉው ልብስ ክብደት ትከሻው ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ የምታዪው እንደዚያ ነው።

ለመሾለኩ የእንጨት ወይም የቀርከሃ መርፌ ውሰጂ፣ ጫፉ በጣም ያልሾለ ይሁን። ሹል ጫፍ የተገመዱትን ቀጫጭን ክሮች ይሰነጥቃቸዋል፤ አንዷ ከቀለበቱ ውጭ ከቀረች ፊቱ ላይ እንደ ተመዘዘ ክር ትታያለች። ልቃቂቱንም ከመሃል አትሳቢው፣ ባዶ ሲሆን ይፈርስና ይተበተባል። አሮጌ ስቶኪንግ ውስጥ ከተሽ ከውጭ በኩል ሳቢ።

መልስ 3 (ጥብጣብ)፦
ሁለቱም ያልነኩት ትከሻውን ነው። የትከሻውን ቀለበቶች መርፌ ላይ እንዳሉ አታጋጥሚያቸው፤ መጀመሪያ ጠበቅ አድርገሽ ዝጊ፣ ከዚያ ስፊ። ከውስጥ በኩል ቀጭን የጥጥ ጥብጣብ በስፌቱ ላይ አሳልፊ፣ በአንገቱ ኋላም አንድ ረድፍ ኪሮሽ። ሹራቡንም ዙሪያውን አንድ ላይ ከመሥራት ፊትና ኋላውን ለየብቻ ሠርቶ መስፋት ይሻላል፣ የጎን ስፌቱ ራሱ ይይዘዋል።

ጫፍ ላይ አንድ ፊት አንድ ጀርባ የሚሠራው ጠርዝ በዚህ ክር አይሰበሰብም፤ ትንሽ ቆይቶ ይንዘረፈፋል። ሁሉንም ፊት በፊት እየሠራሽ 6 ረድፍ አድርጊው።

ክር ስትቀጥዪም ቋጠሮ አትመኚ፣ ይፈታል። ረድፉ መሃል ሳይሆን ጎን ላይ ቀጥዪ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዪ። በመጨረሻ በስፌት መርፌ ክሩን ራሱን እየወጋሽ ሄደሽ ተመለሺበት።

መልስ 4 (ወርድና ቁመት)፦
የኔ ምክር ደግሞ ለየት ይላል፦ ክሩን ገና ካልጀመርሽው ሱፍ ያለበት ድብልቅ ፈልጊ፣ ከዚህ ሁሉ ጥብጣብ ትገላገያለሽ።

መልስ 3 (ጥብጣብ)፦
ለበጋ ልብስ? ሱፍ ከገባበት ያ ቅዝቃዜውና ወረድ ብሎ መውደቁ ይቀንሳል፤ ሰው ቪስኮስ የሚገዛው ለዚያ አይደል እንዴ። ከጥጥ ጋር የተደባለቀም አይለጠጥም ማለት አይደለም፣ ጥጥም ከባድ ነው።

ጥያቄ (መርፌ ወዳጅ)፦
ተባረኩ። የብብቱ ጥልቀት 20 ሴንቲ ሜትር ነው ያሰብኩት፣ 54 ረድፍ ማለት ነው? ቅጠሉንስ በካሬ ወረቀት ብስለው ያው ይወጣል?

መልስ 1 (ልቃቂት)፦
ብብቱን 18 አድርገሽ 48 ረድፍ ሥሪ፤ ከሱ በታች ያለው ክብደት ሁሉ እዚያ ጋ ነው የሚስበው። ተራ ካሬ ወረቀት ግን አይሆንም፤ የአንቺ ቀለበት ወርዱ ከቁመቱ ይበልጣል፣ ቅጠሉ ተጨፍልቆ ይወጣል። ወርዱና ቁመቱ እኩል የሆነ ቦታ ላይ ወርዱን 23 ቤት፣ ቁመቱን 27 ቤት አድርገሽ አስምሪ።

መልስ 2 (ኪሮሽና መርፌ)፦
የክሩን መጠን ከናሙናው አውጪ። 15 በ20 የሆነው 12 ግራም ቢመዝን፣ ልብሱ በስፋት ከሱ 17 እጥፍ ገደማ ነው፤ 204 ግራም። አሥር በመቶ ጨምሪና 5 ልቃቂት ግዢ፣ ሁሉም ወረቀታቸው ላይ ያለው የቀለም ቁጥር አንድ ይሁን። ስታጥቢው አትጭመቂ፣ ቪስኮስ ሲረጥብ ጥንካሬው በጣም ይቀንሳል። በፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚው፣ ከዚያ አንጥፈሽ አድርቂ።