ሰው ሊሳሳት ሲል አንጎሉ ቀድሞ ምልክት ያሳያል የሚባለው ለፋብሪካ ሥራ ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ከኮዬ ፈጬ

ሰላም ለሁላችሁ። ቃሊቲ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ኃላፊ ነኝ። ልጆቹ መስመሩ ላይ የሚያልፈውን ጠርሙስ እያዩ የተሰነጠቀውንና ክዳኑ የላላውን ያወጣሉ። ከሁለት ሰዓት በላይ ቦታ ሳይቀይሩ ይሠራሉ። መጀመሪያ ላይ አንድም አያመልጣቸውም። በኋላ ግን ዓይናቸው ጠርሙሱ ላይ እያለ የተሰነጠቀው ያልፋል። ካለፈ ደግሞ ከደሞዛቸው ይቆረጣል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ጎበዝ ልጆች ናቸው።

ሰሞኑን በሬዲዮ «ሰው ከመሳሳቱ 30 ሰከንድ በፊት አንጎሉ ላይ ለውጥ ይታያል» ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ይህን የሚያሳይ መሣሪያ ገዝተን ማስገባት እንችላለን? ካልሆነስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሳይኮሎጂ ተማሪ

እህቴ፣ የሰማሽው እውነት ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ነው። የሠሩት የኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቶም አይክለና ባልደረቦቹ ናቸው። ሰዎች የአንጎልን ሥራ በሚያሳየው የኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ተኝተው አንድ ዓይነት ቀላል ሥራ ደጋግመው እንዲሠሩ ተደረገ። ከስህተቱ በፊት ወደ 30 ሰከንድ ገደማ ሁለት ነገር መለወጥ ይጀምራል። ሥራ ፈተን በሐሳብ ጭልጥ ስንል የሚነቃው የአንጎል መረብ ቀስ በቀስ ይነቃል። ሥራው ላይ ጥረታችንን የሚያቆየው የፊተኛው ክፍል ደግሞ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ሰውየው ይህ ሁሉ ሲሆን አይታወቀውም።

ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። ስህተቱ ጠርሙሱ ከመድረሱ በፊት ጀምሯል። ልጁ መዘናጋቱን ሳያውቅ በቅጣት ማንቃት አይቻልም። አለቆችሽን በዚህ ተከራከሪ።

መሣሪያውን ግን እርሺው። ኤምአርአይ ሰው ተኝቶ የሚገባበት ግዙፍ ማሽን ነው። ራስ ላይ ተደርጎ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያነበው ኢኢጂ ይቀላል፤ ግን ሰው ሲንቀሳቀስና ጡንቻው ሲሠራ ምልክቱ ይረበሻል። ደግሞም ውጤቱ «አሁን ይሳሳታል» አይልም። የመሳሳት ዕድሉ ጨምሯል ነው የሚለው።

መልስ፦ ጡረተኛው፣ ከአቃቂ

ልጄ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጥራት ቁጥጥር ላይ ነው። መሣሪያ አያስፈልግሽም፤ ሰዓት ይበቃሻል። ኖርማን ማክዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው ሙከራ አለ። ሰዎችን የሚዞር የሰዓት ዘንግ ፊት ለሁለት ሰዓት አስቀመጣቸው። ዘንጉ አልፎ አልፎ እጥፍ ሲዘል መያዝ ነበር ሥራቸው። ገና ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ብዙ ያመልጣቸው ጀመር።

ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ አቀያይሪያቸው። ጠርሙስ የሚያየው ወደ ካርቶን ማሸጊያ ይሂድ፣ ካርቶን ላይ ያለው ይምጣ። ተጨማሪ ሰው መቅጠር አይጠይቅም። መስመሩም አይቆምም።

ከጠያቂዋ

አባቴ እግዜር ይስጥልኝ፤ መቀያየሩን ነገ እጀምራለሁ። ግን ሊነጋጋ ሲል ያለው ሰዓት ከሁሉም ይብሳል። ለሱስ?

መልስ፦ ሲስተር፣ ከቱሉ ዲምቱ

እህትዓለም፣ እኛም ዋርድ ውስጥ የምንፈራው እሱን ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ሰውነት በተፈጥሮው ለእንቅልፍ ይወርዳል። ጉብዝና አይመልሰውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ላይ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ሊያመልጣቸው ሲል የአንጎል ሴሎቻቸው ምላሽ ደክሞና ዘግይቶ ተገኝቷል። ሰውየው ነቅቶ፣ ዓይኑም ተገልጦ ማለት ነው።

ከተፈቀደልሽ በተራ የ20 ደቂቃ እንቅልፍ ስጫቸው። ሲነሱ ትንሽ ይደነዝዛቸዋልና ወዲያው ጠርሙስ ላይ አታስቀምጫቸው። ቡናውን ቀደም አድርገሽ አቅርቢ፤ እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። መብራቱንም ደማቅ አድርጊው።

መልስ፦ ጡረተኛው፣ ከአቃቂ

ሲስተር ልክ ናት። አንድ ነገር ልጨምር። ከነገ ጀምሮ ያለፈው ጠርሙስ በስንት ሰዓት እንዳለፈ መዝግቢ። የልጁን ስም አትጻፊ፤ ሰዓቱንና ከተቀመጠ ስንት ደቂቃ እንደሆነው ብቻ። ከወር በኋላ ወረቀቱን ይዘሽ ሥራ አስኪያጁ ጋ ግቢና የደሞዝ ቆረጣው እንዲቀር ጠይቂ።