ከጣና ለወጣ ሰው መጀመሪያ ምን ይደረግለት?

ጠያቂ፦ ጀልባ ነጂ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ተሳፋሪ በማመላለስ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። ሞተር ቢበላሽ ፈትቼ እጠግናለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣም ማዕበሉን በየት በኩል ማለፍ እንደሚሻል አላጣውም። ባለፈው ጥር ያየሁት ነገር ግን ከዚህ ሥራ ዋናውን ነገር ሳልማር እንደኖርሁ ስላሳየኝ፣ የሕክምና ዕውቀት ያላችሁ ሰዎች እንድታስረዱኝ እለምናለሁ።

ከጓደኞቹ ጋር ይዋኝ የነበረ የዐሥራ አራት ወይም የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ድንገት ከዓይን ተሰወረ። ጓደኞቹ ሊያስደነግጣቸው የጠለቀ መስሏቸው ጥቂት ጠበቁት። ሁለት ዓሣ አስጋሪዎች በታንኳ ደርሰው እስኪያወጡት ድረስ በእኔ ግምት አምስት ደቂቃ ቢያልፍ ነው። ዳር ላይ ሲያስተኙት ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ከአፉና ከአፍንጫው ነጭ አረፋ ይወጣል፣ አልፎ አልፎም አፉን ከፈት አድርጎ አየር ይስባል። በዚህ የተነሣ አብዛኞቻችን «ይተነፍሳል፣ ነፍሱ አለች» አልን። አንድ ሽማግሌ «ውሃው ይውጣለት» ብለው በእግሩ ዘቅዝቀው አንጠለጠሉት፤ ሌላ ሰው ደግሞ ሆዱን በጉልበቱ ተጫነው። ቀጥሎ ባጃጅ ተጠርቶ፣ ልጁ በሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጦ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። አልተረፈም።

ውሃውን ለማስወጣት መሞከራችን ትክክል ነበርን? ባጃጁ ላይ ለመጫን መጣደፋችንስ? ሌላው ጥያቄ ራሴን የሚመለከት ሲሆን ለመጻፍም ያሳፍረኛል፤ ይህን ያህል ዘመን ውሃ ላይ ስኖር ዋና በደንብ አልችልም። ከጀልባዬ ሰው ቢወድቅ ዘልዬ መግባት ይኖርብኛልን ወይስ ሌላ ዘዴ አለ?

መልስ 1፦ የድንገተኛ ክፍል ነርስ

ጋሼ፣ የልጁን ነፍስ ይማርልን። ሌላ ነገር ተደርጎለት ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር ብዬ ልነግርዎ አልችልም፤ ስንት ደቂቃ በውሃው ውስጥ እንደቆየ በእርግጠኝነት ሳይታወቅ እንዲህ ብሎ መናገር ተገቢ አይደለም። ወደፊት ምን መደረግ እንዳለበት ግን በግልጽ መጻፍ ይቻላል።

የሰመጠ ሰው የሚጎዳው አየር በማጣቱ ነው። ወደ ሳንባው የሚገባው ውሃ ብዙውን ጊዜ ሰው እንደሚያስበው ብዙ አይደለም፤ ዘቅዝቀን ስናንጠለጥለው ወይም ሆዱን ስንጫነው የሚወጣው በአብዛኛው ወደ ጨጓራው የዋጠው ነው። ያ ደግሞ ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጉሮሮው ሲመጣ፣ ራሱን የማያውቅ ሰው ሊውጠውም ሊተፋውም ስለማይችል ወደ ሳንባው ይወርዳል። ከዚህ የሚብሰው የጊዜው መባከን ነው፤ አንጎል ኦክስጅን ካጣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል፤ ልጁ ገና በውሃው ውስጥ ሳለ ያ ጊዜ መቆጠር ጀምሯል። በነገራችን ላይ ሽማግሌው አይወቀሱ። በ18ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያንም የሰመጠን ሰው በእግሩ ያንጠለጥሉት፣ በበርሜል ላይም ያንከባልሉት ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት ዘዴ የተሟላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ የአፍ ለአፍ ትንፋሽ ጥቅም በጥናት ከታየና በ1960 ደረትን የመጫን ዘዴ ለሕክምናው ዓለም ይፋ ከሆነ ወዲህ ነው።

እርስዎ እንዳዩት ዓይነት አልፎ አልፎ አፍን ከፍቶ አየር መሳብን እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ከድሮም ስም አውጥተንለታል፤ ማጣጣር እንለዋለን። ማጣጣር ትንፋሽ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ «ይተነፍሳል» ተብሎ የሚታለፈው ሰው ልቡ ቆሞ ወይም ሊቆም ተቃርቦ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሰመጠውን ሰው በደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው ያስተኙት። ትከሻውን ነቅነቅ እያደረጉ ይጥሩት። ካልመለሰ በአንድ እጅዎ ግንባሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ በሌላኛው ጣቶች አገጩን ቀና ያድርጉ፤ ይህ ብቻ ወደ ኋላ የወደቀውን ምላስ አንሥቶ የአየሩን መንገድ ይከፍታል። ጆሮዎን ወደ አፉ አስጠግተው፣ ዓይንዎን ወደ ደረቱ አድርገው፣ ከ10 ሴኮንድ ላልበለጠ ጊዜ ይመልከቱ። ትክክለኛ ትንፋሽ ከሌለ አፍንጫውን ቆንጥጠው፣ አፍዎን በአፉ ላይ ገጥመው፣ 5 ጊዜ ትንፋሽ ይስጡት፤ እያንዳንዱ አንድ ሴኮንድ ያህል የሚቆይና ደረቱ ከፍ ሲል የሚታይ መሆን አለበት። አረፋውን ልጥረግ ብለው ጊዜ አያጥፉ፤ ቢጠርጉትም ይመለሳል፤ በላዩ ላይ ይተንፍሱለት።

አምስቱ ትንፋሽ ካልመለሰው ደረቱን መጫን ይጀምሩ። የመዳፍዎን ተረከዝ (ከእጅ አንጓ አጠገብ ያለውን የመዳፍ ክፍል) በደረቱ መካከል በፍርምባው ላይ ያኑሩ፣ ሌላኛውን እጅ በላዩ ይደርቡ፣ ክርንዎን ሳያጥፉ በትከሻዎ ክብደት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይጫኑ፤ ከእያንዳንዱ ጫና በኋላ ደረቱ ተመልሶ እንዲነሣ ይልቀቁት። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። 30 ጊዜ ከተጫኑ በኋላ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30፣ እንደገና 2 እያሉ ይቀጥሉ። ቢያስታውክ ወደ ጎን አዙረው አፉን አጽድተው ይመለሱ። ሥራው እጅግ ያደክማል፤ ስለዚህ በየ2 ደቂቃው ሌላ ሰው ይተካዎ። እርስዎ ይህን ሲያደርጉ አንድ ሰው በጣትዎ ጠቁመው «አንተ፣ 907 ደውል» ይበሉት፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ቁጥር ነው። «እስቲ ደውሉ» ብለው ለሁሉም ከጮኹ ሁሉም ሌላው የደወለ ይመስለዋል።

ሌላ ቦታ «መጀመሪያ ደረት መጫን» ሲባል ሰምተው ከሆነ ግራ አይጋቡ። በገበያ መካከል ድንገት ልቡ ቆሞ የሚወድቅ ትልቅ ሰው ደሙ ውስጥ ገና ኦክስጅን አለው፤ የጎደለው ያንን ደም የሚገፋ ኃይል ስለሆነ በመጫን ይጀመራል። የሰመጠ ሰው ግን መጀመሪያ ኦክስጅኑን ጨርሶ ነው ልቡ ኋላ የሚደክመው። ቀድሞ የጎደለው ቀድሞ ይሰጠዋል። ልቡ ገና እየመታ ከደረሳችሁለት እነዚያ አምስት ትንፋሾች ብቻቸውን ሊመልሱት ይችላሉ።

መልስ 2፦ ባጃጅ ነጂ

ይህን ካነበብሁ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰው እየጮኸ «ቶሎ ውሰድልን» ሲለኝ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ትንፋሽ ይሰጠው» ብዬ ብቆም ሕዝቡ ምን ይለኛል? ቆሞ ማየት ጭካኔ ይመስላል። በተጨማሪም ከማላውቀው ሰው አፍ ላይ አፌን ማድረግ በሽታ አያመጣምን? ደረት ሲጫኑ የጎድን አጥንት ይሰበራል የሚሉም አሉ።

መልስ 3፦ የድንገተኛ ክፍል ነርስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የብዙ ቤተሰብ ጭቅጭቅም በዚህ ላይ ነው። የባጃጅህን የኋላ ወንበር አስበው፤ ጠባብና ለስላሳ ስለሆነ ሰውየው አይዘረጋበትም። በሁለት ሰዎች መካከል ሲቀመጥ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና የአየሩ መንገድ ይዘጋል፤ ደረቱን መጫንም በፍጹም አይቻልም። የማይተነፍስ ሰው እንዲህ ሆኖ የሚጓዝባቸው ደቂቃዎች ምንም ዕርዳታ ያላገኘባቸው ደቂቃዎች ናቸው። ስለዚህ አምስቱ ትንፋሽና የመጀመሪያዎቹ ዙሮች እዚያው ዳር ላይ ይሰጡ፤ አምቡላንሱ እስኪመጣም ይቀጥሉ። አምቡላንስ የማይገኝ ከሆነ ሰው በወለሉ ላይ ተዘርግቶ ሁለት ሰዎች ተንበርክከው ሊሠሩበት የሚችል ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ፈልጉ፤ በሚሄድ መኪና ውስጥ መጫን አስቸጋሪና ጥራቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም ጨርሶ ከመተው ይሻላል። ያንተ ባጃጅ የሚጠቅመው መተንፈስ ለጀመረ ሰው ነው፤ ያም ቢሆን አንድ ሰው አገጩን ቀና አድርጎ ይያዝለት።

በሽታ በዚህ መንገድ መተላለፉ እጅግ አልፎ አልፎ የሚሆን ነው። ካስጨነቀህ ስስ ነጠላ ጣል አድርገህ በላዩ ተንፍስ። ያም ካልሆነልህ ደረቱን ብቻ ተጫን፤ ለሰመጠ ሰው የተሟላ ዕርዳታ ባይሆንም ምንም ካለማድረግ ይበልጣል። የጎድን አጥንት ግን አዎ፣ ሊሰበር ይችላል፤ ድምፁንም ትሰማው ይሆናል። እጅህ ቦታውን እንዳልለቀቀ አረጋግጠህ ቀጥል፤ አጥንት ይጠገናል።

አንድ ነገር ልጨምር። መተንፈስ የጀመረውን ሰው በጎኑ አስተኝታችሁ፣ እርጥብ ልብሱን አውልቃችሁ፣ በጋቢ ሸፍኑት። ተነሥቶ «ደኅና ነኝ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» ቢልም ወደ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ ሳንባው በውሃው ስለተጎዳ በሚቀጥሉት ሰዓታት ሳልና ትንፋሽ ማጠር ሊነሣበት ይችላል።

መልስ 4፦ የሐይቅ ዳር ልጅ (የዋና አሠልጣኝ)

ነርሷ የጻፉትን ስለ ዕርዳታው አልደግመውም፤ እኔ የምናገረው ሰውየው ገና ውሃው ውስጥ ሳለ ስላለው ነገር ነው። ጋሼ፣ ዘልለው አይግቡ። በመስጠም ላይ ያለ ሰው ያገኘውን ሁሉ ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፤ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን በእንዲህ ያለ እጅ ተይዞ ሊሰጥም ይችላል። እንደሚታሰበውም አይጮህም፤ አፉ ከውሃው በላይና በታች እያለ ለጩኸት የሚሆን ትንፋሽ አያገኝም፤ እጆቹም ውሃውን ወደ ታች ለመጫን ስለሚሠሩ አያወዛውዛቸውም። የልጁ ጓደኞች የተታለሉት በዚህ ጸጥታ ሳይሆን አይቀርም።

ከጀልባ ሰው ከወደቀ ዓይንዎን ከእሱ ሳያነሡ ቀስ ብለው ይጠጉት፤ አጠገቡ ሳይደርሱ ሞተሩን ያጥፉ፤ የሚዞር ሞተር ከውሃው ያልተናነሰ አደጋ ነው። መቅዘፊያ ያቀብሉት፤ ሩቅ ከሆነ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውሩለት። ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ወገን ተደግፎ ለማየት እንዳይነሣ ቀድመው ይቆጡ፤ አለበለዚያ የሚሰጥመው አንድ ሰው መሆኑ ይቀርና ጀልባው ይገለበጣል። ካወጡት በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ ዳር እስክንደርስ አይበሉ፤ የጀልባው ወለል ጠንካራ ስለሆነ አምስቱን ትንፋሽ እዚያው ይስጡት።

የሚንሳፈፍ ነገር ለመግዛት አይጨነቁ። በየቤቱ ያለው ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ባዶውን ክዳኑ በደንብ ከጠበቀ ትልቅ ሰው ያንሳፍፋል። እጀታው ላይ ገመድ ይሰሩበት። ይህ ግን ለተሳፋሪው ሁሉ ሊዘጋጅ የሚገባውን የመንሳፈፊያ ጃኬት አይተካም፤ ጃኬቱም ከወንበር ሥር ተጠቅልሎ ከሚቀመጥ ገና ከመነሻው ቢለበስ ነው የሚጠቅመው።

ጠያቂ፦ ጀልባ ነጂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኔና ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ በቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና ለመጠየቅ ተስማምተናል፤ እጅ ሳይለምደው በንባብ ብቻ እንደማይሆን ገብቶኛልና።

ጀሪካኑን ትናንት ሞክሬዋለሁ። ዐሥራ አምስት ሜትር ገመድ አስሬ ከሰዓት በኋላ ስወረውረው፣ ባዶ ስለሆነ ነፋሱ ወደ ራሴ መለሰው፤ ከአምስት ሜትር አላለፈም። ሰው ቢኖር ኖሮ አይደርሰውም ነበር። ምን ይሻላል?

መልስ 5፦ የሐይቅ ዳር ልጅ (የዋና አሠልጣኝ)

አንድ ወይም ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ጨምረው ክዳኑን ያጥብቁት። ክብደት አግኝቶ ነፋሱን ይሰብራል፤ መንሳፈፉንም አያጣም። ከሰውየው ራስ በላይ አሳልፈው ይወርውሩና ገመዱን ወደ እጁ ይሳቡለት፤ በቀጥታ ወደ እሱ አይወርውሩ፣ ውሃ ያለበት ጀሪካን ፊቱን ሊመታው ይችላል። የገመዱን ሌላኛውን ጫፍ ከመወርወርዎ በፊት በጀልባው ላይ ማሰርዎን አይርሱ፤ እኔ አንድ ቀን ከነገመዱ ወርውሬ ቆሜ ቀርቻለሁ።