ጓሳ ላይ ብቻዬን ድንኳን ተክዬ ሳድር ጅብ ወይም ነብር ቢመጣ ምን ላድርግ?

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በኅዳር መንዝ ጓሳ ላይ ሁለት ሌሊት ለማደር አስቤያለሁ፤ ብቻዬን ነኝ። ጓዜን የሚሸከም አህያ ከመሐል ሜዳ ተከራይቼ እስክመለስ አብሮኝ ይቆያል። ድንኳን፣ የግንባር ባትሪና ዱላ አለኝ። ከአውሬ ጋር ፊት ለፊት ብገጣጠም እጄና እግሬ ምን መሥራት እንዳለባቸው ንገሩኝ። «አትፍሪ» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ፣ እባካችሁ።

ደገኛው፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አህያውን ከነባለቤቱ መልሺው። ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎች የጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘውን ፀጉር መርምረው፣ በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት እርዱ ሲቆምና ጥራጊው ሲጠፋ ጅቡ ፊቱን ወደ አህያ እንደሚያዞር አይተዋል። ድንኳን አጠገብ የታሰረ አህያ ጅቡን ደጅሽ ድረስ ይጠራዋል። ማደሩ ግድ ከሆነ መንደር ገብቶ በረት ውስጥ ይደር።

ጅብ ሰው ላይ የሚደፍረው በአብዛኛው ሌሊት ነው፤ በተለይ ሜዳ ላይ የተኛን ሰው። ስለዚህ የድንኳኑን ዚፕ እስከ ጥግ ዝጊ፤ ጭንቅላትሽ ሸራውን እንዳይነካ መሐል ላይ ተኚ። ቋንጣና የበሰለ ምግብ በደንብ ታስሮ ከድንኳኑ 100 ሜትር ያህል ይራቅ። የቆዳ ጫማ ግን ውስጥ ይግባ፤ ጅብ ቆዳ ያኝካል፣ ጠዋት ባዶ እግርሽን ትቀሪያለሽ። ሳይመሽ ቡጢ የሚያካክሉ አሥር አሥራ አምስት ድንጋዮች በሩ ሥር ከምሪ።

ፊት ለፊት ከመጣ ቁሚ። አትሩጪ፤ እሱ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ባትሪውን ዓይኑ ላይ አብሪ፣ ጋቢሽን በሁለት እጅ ከራስሽ በላይ ዘርጊ፣ ከሆድሽ በወፍራም ድምፅ ጩኺ። ጀርባ ሳትሰጪ ወደ ጎን እያደላሽ ወደ ኋላ አፈግፍጊ፤ ቀጥ ብለሽ ወደ ኋላ ከሄድሽ ቋጥኝ ጠልፎ ይጥልሻል፤ መውደቅ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። የጀርባ ቦርሳሽን አታውልቂ፣ ማጅራትሽን ይሸፍናል። ከቀረበ ድንጋዩን መጀመሪያ ከፊቱ መሬት ላይ፣ ቀጥሎ ራሱ ላይ። በዱላ ከሆነ አፍንጫውን ብለሽ ምቺ። ብቻውን ላይሆን ስለሚችል በየመሐሉ ባትሪውን ዙሪያሽን አዙሪ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

የጭስ ልጅ፦
ሌሊቱን ሙሉ እሳት አንድዶ ማደር ነው መፍትሔው። ጅብ እሳት ይፈራል። ከባሰም ዛፍ ላይ መውጣት፣ ጅብ ዛፍ አይወጣም።

ደገኛው፦
ወንድሜ፣ ጅብ ዛፍ አለመውጣቱ እውነት ነው፤ ግን ጓሳ ላይ ምን ዛፍ አለ? ጅባራ ሰው አይሸከምም፣ አስታውም አብዛኛው ቁጥቋጦ ነው። ነብር ደግሞ ዛፍ ላይ ከሰው ይበልጣል። እሳቱም ቢሆን፣ በኅዳር የጓሳ ሣር ደርቋል፤ ነፋስ ከተነሣ ከጅቡ ይልቅ ቃጠሎው ይገድላል። ያ ሣር የመንዝ ሰው ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት፣ ማለት ሕዝቡ ራሱ ግጦሹንና አጨዳውን በሚቆጣጠርበት የቆየ ደንብ እየጠበቀ ያቆየው ነው፤ በአንድ ሌሊት ፍርሃት አይቃጠልም። ከእሳት ይልቅ 200 ሉመን (የብርሃን ጉልበት መለኪያ ነው፣ ዕቃው ላይ ተጽፏል) እና ከዚያ በላይ የሆነ ባትሪ ይሻላል። መለዋወጫውን የባትሪ ድንጋይ ልብስሽ ውስጥ ይዘሽ ተኚ፣ ብርዱ ያደክመዋል።

አስታ፦
በነብር ላይ ልጨምር፤ ከጅብ ጋር አንድ አድርጎ ማየት አደገኛ ነው። ጅብን ዓይን ለዓይን አፍጥጦ ማየት ያግዛል፤ ነብር ላይ ማፍጠጥ ግን እንደ ጠብ ይቆጠራል። ከእይታሽ አታውጪው፣ ዓይኑ ላይ ግን አትትከዪ። መውጫ መንገዱን ክፈቺለት፤ ገደልና አንቺ መሐል የገባ ነብር ነው ዘሎ የሚይዘው። ግልገል ወይም የተገደለ በግ ካየሽ በመጣሽበት ተመለሺ። ከዘለለብሽ ግን የሞተ መስሎ መተኛት የለም፦ አገጭሽን ደረትሽ ላይ ቅበሪ፣ አንዱን ክንድ አንገትሽ ላይ አድርጊ፣ በሌላው ዓይኑንና አፍንጫውን ምቺ።

አሁን ዋናው ነገር። አገራችን ሁሉም የሚያውቀው ዘዴ አለ፤ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ውሻው ይሸሻል። ለውሻ ይሠራል። ለነብርና ለጅብ ግን ጎንበስ ያለ ሰው ያነሰ ሰው ነው፤ ቁመትሽን ራስሽ ታሳጥሪያለሽ። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት አራት ድንጋይ ኪስሽ ውስጥ ይኑር።

ከሁለቱም ይልቅ የምትገናኚው ደግሞ የእረኛና የመንደር ውሻ ነው። ገና ከሩቅ «ውሻ ያዙ!» እያልሽ ተጣሪ፣ በጎቹን መሐል ለመሐል አታቋርጪ። ሳይጮኽ የሚመጣ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ የሚንገዳገድ፣ ድንጋይ የማይፈራ ውሻ ካየሽ አብዷል ብለሽ አስቢ፤ ዱላውን መሐላችሁ አድርጊ። ጭላዳ ዝንጀሮ ካልቀረቡት አይነካም፤ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳየ ዞር በዪለት። ቀይ ቀበሮ አይጥ ነው የሚያድነው።

መንገደኛዋ፦
አህያውን ሰርዣለሁ። ግን ብነከስስ? ከጤና ጣቢያ ሩቅ ነኝ።

ነርሷ፦
እህት፣ ደሙ የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀሽ ተጫኚ፤ 10 ደቂቃ ሳትገልጪ፣ ሰዓት እያየሽ። ቶሎ ቶሎ እየገለጡ ማየት የረጋውን ደም ያነሳል። ደሙ ሲቆም ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢ። ምንጭ ከሌለ የሃይላንድ ክዳን በመርፌ ብሺና ጠርሙሱን እየጨመቅሽ አጠጪው፤ ለዚህ ብቻ የሚሆን 2 ሊትር ውሃና ቁራጭ ሳሙና ይዘሽ ውጪ። ቀጥሎ አዮዲን። ቡና፣ ቅጠል፣ አመድ አይነስነስበት፤ በጥብቅ አይታሰር፣ ወዲያው አይሰፋም።

ከዚያ በዚያው ቀን ውረጂ፤ «ነጋ፣ አያምም» ብሎ መቆየት የለም። የእብድ ውሻ በሽታ በጅብ፣ በቀበሮ፣ በማንኛውም አጥቢ እንስሳ ንክሻ ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም። ጠበልም ይሂዱ፣ ሌላም ይደረግ፣ ክትባቱ ግን ይቅደም። በክንድ ላይ ይሰጣል፦ የመጀመሪያው ዕለት (ቀን 0)፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን። ቆዳው ከተበሳ ወይም ከደማ በመጀመሪያው ዕለት ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሙኖግሎቡሊንም (ክትባቱ እስኪሠራ የሚከላከል ዝግጁ ፀረ-በሽታ) ያስፈልጋል፤ ሁሉም ጤና ጣቢያ ስለማይኖረው ሳትነሺ የት እንዳለ ደውለሽ አጣሪ። የቴታነስ ክትባትሽ መቼ እንደነበረም ጽፈሽ ያዢ፣ ይጠይቁሻል።