የሰንጢ ስለትና እጀታ ስንት ለስንት ይሁን?

ጥያቄ፦ ለዕለት ሥራ ኪስ የሚገባ ሰንጢ ልገዛ ነው። የስፓይደርኮ ዴሊካ 4 ስለት 7.3 ሴ.ሜ፣ ሲታጠፍ 10.8 ነው። ለስለቱ እጀታው አልበዛም?

መልስ 1፦ አልበዛም። 7.3ን ለ10.8 ብታካፍለው 0.68 ገደማ ነው። ኦፒኔል ቁጥር 8 የሚባለው ሰንጢ (8.5 ለ11) 0.77 ይደርሳል። 1 ፈጽሞ አይሞላም፤ የማጠፊያው ምስማር ቦታ ይወስዳል፣ ጫፉም ሲታጠፍ መሸፈን አለበት፤ አለዚያ ኪስ ውስጥ እጅ ይወጋል።

መልስ 2፦ እኔ ከስሌቱ መዳፍህን አስቀድማለሁ። አራቱን ጣቶችህን ገጥመህ ስፋታቸውን ለካ። እጀታው ከዚያ ካጠረ ትንሿ ጣት ውጭ ትቀራለች፤ ወፍራም ካርቶን ስትቆርጥ ሰንጢው እጅህ ውስጥ ይዞራል። ደግሞ የተሳለውን ክፍል ብቻ ለካ፤ ከእጀታው አጠገብ ያለው ያልተሳለ ብረት አይቆርጥም።

ጠያቂው፦ መዳፌ 9 ሴ.ሜ ነው፤ እንግዲያው ይበቃኛል። አመሰግናለሁ።