ያለ ቀኑ ለተወለደ ሕፃን የፕሮባዮቲክ ጠብታ ይሰጠው ወይስ ይቅርበት?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ የእህቴ ልጅ በ30 ሳምንቱ ተወልዶ ሙቀት ክፍል ነው፤ 1,300 ግራም። አሜሪካ ያለች ዘመዳችን «ለአንጀቱ ጥሩ ነው» ብላ የፕሮባዮቲክ (ሕያው ጥሩ ባክቴሪያ ያለበት) ጠብታ በሰው ላከች። ሲስተሯ «አይሆንም» አለችን። ጥሩ ባክቴሪያ ምን ያደርገዋል?

የመንዝ ልጅ፦ ሲስተሯ ተሳስታለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ከ32 ሳምንት በፊት ተወልደው የሰው ወተት ለሚጠጡ ሊሰጥ ይችላል ብሏል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ 1,099 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ አንጀት የሚያበሰብሰው በሽታ ከ4.4 ወደ 2.0 በመቶ ወርዷል። የፈረንጅ ልጅ የሚያገኘው የእኛ ልጅ ጋ ሲደርስ ለምን «አይሆንም» ይባላል?

ነርስ ነኝ (ሸዋ ሮቢት)፦ «ሊሰጥ ይችላል» ማለት «ስጡ» ማለት አይደለም ወንድሜ። እንግሊዝ ሌላ የባክቴሪያ ዝርያ 1,310 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ምንም ለውጥ አላመጣም። በ2023 አሜሪካ ከ1,000 ግራም በታች የነበረ ሕፃን የጠብታው ባክቴሪያ ራሱ ደሙ ውስጥ ገብቶ ሞቷል፤ መድኃኒት ተቆጣጣሪያቸው ሐኪሞችን አስጠንቅቋል። እኛ ጋ ቢደርስ የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) የት አሠርተን ነው የምናውቀው?

የመንታ እናት፦ እኔ የማውቀው የጡቴን ነው። መጀመሪያ ቀን በእጄ ባልብ ባልብ የቡና ስኒ ቂጥ አልሸፈነም። አማቴ «ይሄ ቢጫ እንገር መግል ነው፣ ድፊው» አሉ፤ ቅቤውን በጣታቸው ይዘው መጥተዋል! ሲስተሯ ስኒውን ከእጄ ነጥቃ በሲሪንጅ ስባ በአፍንጫው ቱቦ ሰጠችው። ከዚያ በየሦስት ሰዓቱ ማለብ፣ ማታ ማታ ደረቴ ላይ አድርጌ በጋቢ መጠቅለል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ።

ነርስ ነኝ፦ አማትሽ አይፈረድባቸውም፣ ለምደውት ነው። ግን እናት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨው ስኳር አለ፤ የሚመግበው ጥሩውን ባክቴሪያ ነው። ቅቤ ከጣት ጋር ምን ይዞ እንደሚገባ አልነግርሽም።

የመንዝ ልጅ፦ ቅቤውን ተዉት፣ እኔም አልደግፍም። የተመረመረ ጠብታ ሆስፒታሉ ራሱ ያስመጣ ነው የምለው። የእናቱ ወተት ባይመጣስ?

ነርስ ነኝ፦ ሆስፒታሉ ካስመጣው ሌላ ነገር ነው፣ እስማማለሁ። በሻንጣ የመጣ ግን አልሰጥም። ሕያው ነገር እኮ ነው።

ጠያቂ፦ ካርቶኑን አሁን አየሁት። «ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ» ይላል። ሰውየው ሻንጣው ውስጥ አራት ቀን ይዞት ነበር።