አባዶ፦ «ባዶ ሜዳ» ያላችሁት የማንን ሜዳ ነው?

ማሳው ዳር፦
ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ የአባዶ ኮንዶሚኒየማችን የጋራ ቤት፣ ኮሙናሉ በር ላይ የተለጠፈውን የኮሚቴ ማስታወቂያ አነበብኩ። ላላያችሁት፣ «ሰፈራችን ከመመሥረቱ በፊት ባዶ ሜዳ የነበረ ሲሆን በነዋሪው ጥረት ዛሬ ላለበት ደረጃ በቅቷል» ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ ከብሎኮቹ ጀርባ ያለው «ባዶ ሜዳ» ታጥሮ የመኪና ማቆሚያ እንዲሆን ለመወሰን እሁድ ስብሰባ ጠርቷል። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ባዶ ሜዳ! የመጀመሪያው የአባቴ የጤፍ ማሳ ነበር። ሁለተኛው ልጄ ኳስ የሚጫወትበት ነው። ባዶው የቱ ጋ ነው?

አራተኛ ፎቅ፦
ወንድሜ፣ በጠዋቱ ደም ግፊታችንን አታስነሳብን። አባባል ነው። እኔ ቁልፍ ተረክቤ ስገባ መንገድ የለ፣ መብራት የለ። ከአያት አደባባይ ወዲህ ጫማዬን በፌስታል ይዤ በጭቃ ነው የመጣሁት። ማታ የሚቀበለን ጅብ ነበር። ያንን ምን ልበለው ታዲያ? ፒያሳ?

ማሳው ዳር፦
ጅብ ባዶ ሜዳ ላይ ምን ይሠራል? ጅብ የሚዞረው ከብት ያለበት፣ ሰው ያለበት ነው። የራስህ ምስክር መሰከረብህ።

ሦስተኛ ዙር፦
እኔ ግን ስሙ ራሱ ተናግሯል ባይ ነኝ። አ-ባዶ። ኪኪኪ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ኮንዶሚኒየም የሚባል ነገር ሳይታሰብ አባዶ አባዶ ነበር። ለባዶ ሜዳ ማን ስም ያወጣል? ዙሪያችሁን እዩ። ለገጣፎ፣ ለገዳዲ፤ «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። ወዲያ ማዶ ቱሉ ዲምቱ አለ፣ ቀይ ኮረብታ። ወንዙን ለይቶ፣ የአፈሩን ቀለም አይቶ የሰየመ ሰው ነበረ ማለት ነው። የካ ዋሻ ሚካኤልን ውሰዱ። ከተማው በ1879 ሲቆረቆር ዋሻው ድሮ ተፈልፍሎ አልቋል።

አራተኛ ፎቅ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ዋሻ ሚካኤል ያለው ተራራው ላይ ነው። እሱን ወደ አባዶ ካመጣነው ላሊበላንም እንጨምረዋ።

ሂሳብ ሹም፦
ስሜቱን ትተን ሕጉን እንይ። ያኔ የሚሠራበት የካሳ አዋጅ 455/1997 ነው። ገበሬ ሲነሳ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው ይያዝና በ10 ይባዛል። መሬቱ ባዶ ከነበረ ገቢው ዜሮ ነው፤ ዜሮን በ10 ብታባዛው ያው ዜሮ ነው። ካሳ ከተከፈለ ሜዳው ባዶ አልነበረም። አለቀ።

ማሳው ዳር፦
እግዜር ይስጥህ። አሥር ዓመት ነው የታሰበልን። አባቴ አሥር ዓመት ብቻ የሚኖር ይመስል። በ2011 የወጣው አዲሱ አዋጅ 15 አድርጎታል፤ እኛ ግን ያኔ ተነስተን፣ ብሩም አልቆ ነበር። ሽማግሌው ምን ሆነ መሰላችሁ? እዚሁ ሳይት ላይ የሲሚንቶ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። እራት ሳመጣለት ብሎኬት ላይ ተቀምጦ በዱላው ያሳየኛል። «እዚህ ጋ አውድማው፣ እዚያ ጋ የእናትህ ጓሮ።» አውድማው ያለው ቦታ አሁን የቆሻሻ ገንዳ ነው።

ቪትዝ፦
ይቅርታ፣ ይሄ ሁሉ ታሪክ መኪናዬን የት ላቁማት ለሚለው መልስ አይሆንም። በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ስፖኪዮ ተነቅሎብኛል።

የሦስት ልጆች እናት፦
ስለ ስፖኪዮህ እግዜር ያጽናህ። ልጆቼ ግን የት ይጫወቱ? ደረጃ ላይ? ትናንት አራተኛ ፎቅ የምትሉት ሰውዬ ኮሪደር ላይ ኳስ አንጥረዋል ብሎ ጮሆባቸዋል። ሜዳውን አጥራችሁ፣ ኮሪደሩን ከልክላችሁ፣ በአየር ላይ ይንሳፈፉ?

አራተኛ ፎቅ፦
አልጮህኩም። በሌሊት ነው ያነጠሩት።

የሦስት ልጆች እናት፦
አሥራ ሁለት ተኩል ሌሊት ሆነ እንዴ?

ጡረተኛው፦
እኔን የከነከነኝ ደግሞ «በነዋሪው ጥረት» የምትለዋ ናት። ምን ጥረን ምን አመጣን? ባቡሩ በ2008 ሲጀምር ስንት ደስ አለን። ከጦር ኃይሎች አያት 17.4 ኪሎ ሜትር፣ ዋጋው ያኔ 2፣ 4 እና 6 ብር። እኛን ግን አያት ላይ አራግፎ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ የሃይገር ሰልፍ ነው። ውሃውንስ? ለገዳዲ ግድብ ከጃንሆይ ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያጠጣ ኖሯል። እኛ አፍንጫው ስር ተቀምጠን በፈረቃ ነው የምንጠጣው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኛ ነን።

ሦስተኛ ዙር፦
ጋሼ፣ ጥረትማ አለ። ጄሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ጥረት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የሦስት ልጆች እናት፦
ስለ ጥረት ካነሳን ኮሙናሉስ? የተሠራው ለልቅሶ፣ ለድግስ፣ በግ ለማረድ ነበር። አሁን የሰው ዕቃ መጋዘን ሆኖ ተከራይቷል። ባለፈው ጎረቤቴ ስትሞት ድንኳን ተከራይተን አስፋልት ዳር ነው የተቀመጥነው። የኪራዩ ብር የት ገባ? መጀመሪያ የዚህን ሂሳብ ያምጡና ከዚያ ስለ ሜዳ እናውራ።

ቪትዝ፦
ሜዳው ከታጠረ ባለ መኪና በወር ይከፍላል፣ ለማኅበሩ ገቢ ነው። ለነገሩ ማሳው ዳር፣ አንተ የየትኛው ብሎክ ባለቤት ነህ? እኔ እስከማውቀው ተከራይ ነህ። በአዋጅ 370/1995 ማኅበሩ የቤት ባለቤቶች ነው። እኔ በ1997 ተመዝግቤ፣ የቤቱን ዋጋ ሃያ በመቶ ከፍዬ፣ ሰማንያውን ለባንክ እስካሁን እየገፈገፍኩ ነው። ድምፅ የሌለው ሰው ክርክር ባይከፍት ጥሩ ነው።

ማሳው ዳር፦
አዎ፣ ተከራይ ነኝ። አባቴ ባረሰበት መሬት ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ተከራይ ነኝ። ኪራይ በጨመሩብኝ ቁጥር መስኮት ከፍቼ ማሳችንን አያለሁ።

ጡረተኛው፦
ቪትዝ፣ እንዲህ አይባልም። ነውር ነው።

ቪትዝ፦
ሕጉን ነው የተናገርኩት። ሂሳብ ሹም ሕግ ሲጠቅስ አጨበጨባችሁ። እኔ ስጠቅስ ነውር?

ሂሳብ ሹም፦
370ን ሙሉውን አንብበው። ማኅበሩ የሚያስተዳድረው የጋራ ንብረትን ነው። ሜዳው በሕንፃው ይዞታ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ውጭ ከሆነ የመንግሥት መሬት ነው፤ ኮሚቴው ሊያጥረውም ሊያከራየውም አይችልም። ካርታ ያየ ሰው አለ?

ሦስተኛ ዙር፦
ካርታ? የቤቴን ካርታ ገና አላየሁ፣ የሜዳ ካርታ ትጠይቀኛለህ።

አራተኛ ፎቅ፦
አንድ ነገር ልናገር፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። እኔም ከአራት ኪሎ ቤቴ ፈርሶብኝ ነው የመጣሁት። እናቴ የወለደችኝ ቤት። የእኛን ሰፈር ያፈረሱት «ያረጀና የተጎሳቆለ» ብለው ነበር። ስለዚህ ማሳው ዳር፣ ቃሉ ለምን እንዳንገበገበህ ይገባኛል። ግን በእኔ አትፍረድ። እኔ ስመጣ ያየሁት ጭቃና ብሎኬት ነው። ጤፍህን አላየሁትም።

ማሳው ዳር፦
አላየሁም ማለትና አልነበረም ማለት ይለያያል። ማስታወቂያው «አላየንም» ቢል ኖሮ ዳቦዬን ገዝቼ ዝም ብዬ እገባ ነበር።

የሦስት ልጆች እናት፦
ውሃ መጣች! የታችኞቹ ፓምፕ እንዳታስነሱ፣ ለእኛም ትውጣ!

ሦስተኛ ዙር፦
የታሪክ ጉባኤው ለሻይ ዕረፍት ተነስቷል።

ሂሳብ ሹም፦
በርሜሌ ሞላች፣ ተመለስኩ። ሐሳብ አለኝ። ማስታወቂያው ላይ «ባዶ ሜዳ» የሚለው ተሰርዞ «ክፍት ቦታ» ቢባልስ?

ማሳው ዳር፦
ክፍት ለማን? ከ«ክፍት ቦታ» ቀጥሎ የሚመጣው «ይታጠር» ነው።

ቪትዝ፦
እንግዲህ ቃል ስትሰነጥቁ ዋሉ። ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?

አራተኛ ፎቅ፦
ሦስት ሰዓት ተብሏል። አራት ተኩል በሉት።

የሦስት ልጆች እናት፦
እሁድ ሦስት ሰዓት ቅዳሴ ላይ ነን። ሆን ብለው ነው። ደግሞስ የት ነው? ኮሙናሉ እንደሆነ በሰው ዕቃ ተሞልቷል።

ሦስተኛ ዙር፦
ሜዳው ላይ ነው ይላል ማስታወቂያው። ወንበር ይዛችሁ ኑ ይላል።

ማሳው ዳር፦
ባዶው ላይ?

አራተኛ ፎቅ፦
ጀመረ ደግሞ።