ሙለር በሽታ ነው ወይስ ሰው? የሕክምና ቃላት በሰው ስም መጠራታቸው ይቅር ወይስ ይቀጥል?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬውን ጥያቄ ያመጣሁት ከራሴ ቤት ነው። ባለፈው ዓመት እርግዝና እምቢ ሲለኝ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ወረቀቱ ሲመጣ «አንቲ ሙለሪያን ሆርሞን» ይላል፣ ቁጥሩ ሥር ደግሞ ዝቅተኛ ነው ተብሎ ተሰምሮበታል። የሰጠኝ ሰው ወረፋ በዝቶበት ነው መሰለኝ «ለሐኪምሽ አሳዪ» ብሎ ብቻ ሸኘኝ። ቀጠሮዬ ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ሦስቱንም ሌሊት አልተኛሁም። እኔ «አንቲ» ሲባል የማውቀው አንቲባዮቲክና አንቲቦዲ ነው። ስለዚህ ሙለር የሚባል በሽታ ገብቶብኛል፣ የሚከላከልልኝም ነገር አልቋል ብዬ ደመደምኩ። ለባለቤቴም እንደዚያው ነገርኩት፣ እሱም አመነኝ።

ለካ ሙለር በሽታ አይደለም። ጀርመናዊ ነው። ያውም ከሞተ ከ160 ዓመት በላይ የሆነው። እስኪ ንገሩኝ፣ የሞተ ሰው ስም የእኔ የደም ምርመራ ላይ ምን ይሠራል? እኔ ይቅር ከሚሉት ወገን ነኝ። የምትቃወሙኝ ምክንያታችሁን አምጡ።

አዋላጇ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ አይዞሽ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጽንስ መጀመሪያ ላይ ወንድም ይሁን ሴት ሁለት ጥንድ ቱቦ አለው። አንዱ ጥንድ በሴቷ ማህፀንና የማህፀን ቱቦዎች ይሆናል፣ ሌላው በወንዱ የዘር ማስተላለፊያ ይሆናል። የሴቷ የሙለር ቱቦ፣ የወንዱ የቮልፍ ቱቦ ተባለ። ወንድ ጽንስ በሁለተኛው ወር ገደማ ከቆለጡ አንድ ሆርሞን ያወጣና የሙለሩን ቱቦ ያከስመዋል። «ፀረ ሙለር» የተባለው ለዚህ ነው። ያው ሆርሞን በአዋቂ ሴት ደግሞ እንቁላል ከያዙት ትንንሽ ከረጢቶች ይወጣል፣ ስለዚህ ምን ያህል እንቁላል እንደቀራት ለመገመት ይለካል።

አየሽ፣ ስሙ የሚናገረው ወንድ ጽንስ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። አንቺ የተለካሽው ለሌላ ጉዳይ ነው። እኔ እናቶች ሲመጡ ሙለር የሚለውን አፌ ላይ አላመጣውም፣ «የእንቁላል ክምችት ምርመራ ነው» እላቸዋለሁ። ዝቅ ማለቱም «አትወልጂም» ማለት አይደለም። ይበልጥ የሚጠቅመው በመድኃኒት እንቁላል ለማውጣት ሲታሰብ ስንት ሊገኝ እንደሚችል ለመገመት ነው። ይህን አንድ ሰው ቆም ብሎ ቢነግርሽ ሦስት ሌሊት ባልባከነ ነበር። ስሙ ይቅር።

የፊዚዮሎጂ መምህሩ፦ እኔ እቃወማለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ዮሐንስ ሙለር በ1801 ኮብሌንዝ ተወለደ፣ የጫማ ሠሪ ልጅ ነው። ቱቦውን በ1830 ስለ ብልት አካላት አፈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። በ1833 በርሊን ፕሮፌሰር ሆነ። ከእጁ የወጡትን ተመልከቱ። የእንስሳ አካል ሁሉ ከሴል የተሠራ ነው ያለው ሽቫን የእሱ ተማሪ ነው። በሽታን ወደ ሴል ወርዶ መመርመር ያስተማረን ፊርሾ የእሱ ተማሪ ነው። ሐኪም የዓይንን ውስጥ የሚያይበትን መሣሪያ የሠራው ሄልምሆልትስም እንደዚያው። ይህን ሁሉ ሰው ላፈራ አስተማሪ አንድ ቱቦ በዛበት? ተማሪዎቼ ስሙን ሲሰሙ «ማነው?» ይሉኛል። በዚያች ጥያቄ በኩል ነው ታሪክ የማስተምረው። ስሙ ከጠፋ ጥያቄዋም ትጠፋለች።

ደግሞስ በምን ልትተኩት ነው? መደበኛው የሥነ አካል ስም «ፓራሜሶኔፍሪክ ቱቦ» ነው። ሲተረጎም ከመካከለኛው ኩላሊት ጎን ያለ ማለት ነው፣ ጽንስ ላይ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ኩላሊት አለና። እህታችን «ፀረ ፓራሜሶኔፍሪክ» የሚል ብታነብ ልትተኛ ነበር? ኩላሊቴ አለቀ ብላ ነበር የምታድረው።

ጠያቂዋ፦ መምህር፣ እሱስ እውነት ነው። ግን እኔ ከሰው ስም አውጡት አልኩ እንጂ ወደ ግሪክኛ ውሰዱት አላልኩም። ሲስተር «የእንቁላል ክምችት» ስትለኝ ወዲያው ገባኝ።

የኳስ ወዳጁ፦ እኔ ሙለር ሲባል የማውቀው ባየርን ሙኒክ ይጫወት የነበረውን ቶማስን ነው። ከእሱ በፊት ደግሞ ገርድ ነበር። ዘመዳሞች ይመስሉኝ ነበር፣ አይደሉም።

ከፍራንክፈርት፦ አይደሉማ። ሙለር ማለት ባለ ወፍጮ ማለት ነው። ድሮ በየመንደሩ ወፍጮ ነበር፣ በየወፍጮው ባለቤት ነበር፣ ስሙ ከዚያ ለልጅ ልጅ ወረደ። ዛሬ ጀርመን ውስጥ ከሁሉም የበዛው የቤተሰብ ስም እሱ ነው። እኔ እዚህ ሆስፒታል ነው የምሠራው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሙለር ተኝተው ያውቃሉ። መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት የትውልድ ቀናቸውን ካልጠየቅኩ የአንዱን ለሌላው መስጠት እችላለሁ። ስም ብቻ ይዞ መድኃኒት መስጠት ክልክል ነው። ታዲያ ለታካሚ የማይበቃ ስም እንዴት ለሕክምና ቃል ይበቃል?

የዓይን ሐኪሙ፦ ይህ ነጥብ የእኔንም ቤት ይነካል። እኛ ዘንድ «የሙለር ጡንቻ» አለ። የላይኛውን የዓይን ቆብ ከሚያነሱት አንዷ ናት፣ ነርቧ ሲጎዳ ቆቡ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል። «የሙለር ሴሎች» የምንላቸውም አሉ፣ የሬቲናን ውፍረት ከዳር እስከ ዳር ተሻግረው ደግፈው የሚይዙ ናቸው። ይህ ግን የመምህሩ ዮሐንስ አይደለም። የቩርዝቡርጉ ሃይንሪሽ ሙለር ነው፣ በ1864 የሞተ። የማህፀኑና የዓይኑ ሙለር አንድ ሰው የሚመስላቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይመስለኝ ነበር፣ ያረመኝም አልነበረም። መምህር፣ ታሪክ ያስተምራል ያሉት ስም እኔን የተሳሳተ ታሪክ ነው ያስተማረኝ።

የውስጥ ደዌ ሐኪሟ፦ ሦስተኛም አለላችሁ። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ቫልቩ አልገጥም ብሎ ደም ወደ ኋላ ሲያፈስ፣ እንጥል ከልብ ምት ጋር አብራ ትመታለች። ይህ «የሙለር ምልክት» ይባላል። የሙኒኩ የውስጥ ደዌ ሐኪም ፍሪድሪሽ ፎን ሙለር ነው። እንግዲህ እኛ አገር ጉሮሮ ሕመም ትቶት የሚሄደው የልብ ቫልቭ ጉዳት ብዙ ነው፣ ስለዚህ ምልክቱን ተማሪ ሊያየው ይገባል። ግን «የሙለር ምልክት» ሲባል ቃሉ የት እንደሚታይ አይነግረውም። ደረት ላይ የሚፈልግ አይቻለሁ! «የእንጥል ምት» ብንለው ግን አፍ አስከፍቶ ያያል። ሌላም አለ። ብዙ ታካሚዎቻችን በልጅነታቸው እንጥላቸውን ተቆርጠዋል። ተማሪ «የሙለር ምልክት የለም» ብሎ ሲጽፍ መጀመሪያ «እንጥሉስ አለ ወይ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። በስሙ እንጥል የሚል ቃል ቢኖር ይህን ራሱ ያስብ ነበር።

ተማሪው፦ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ይፈቀድልኝና አንድ ሐሳብ ላምጣ። ችግሩ የሰው ስም መሆኑ ሳይሆን የቤተሰብ ስም መሆኑ አይመስላችሁም? እኛ ሐኪም ስንጠራ በራሱ ስም ነው፣ ዶክተር እገሌ እንላለን፣ አባቱን አንጠራም። ስለዚህ የዮሐንስ ቱቦ፣ የሃይንሪሽ ጡንቻ፣ የፍሪድሪሽ ምልክት ብንል ሰዎቹም አይረሱም፣ እኛም አንሳሳትም። ቮልፍም እኮ እንደዚሁ ነው። የቱቦው ካስፓር ፍሪድሪሽ ቮልፍ ነው፣ የአጥንቱ ሕግ የዩልየስ ቮልፍ ነው፣ ልብን ያለጊዜው የሚያስመታው የቮልፍ፣ ፓርኪንሰንና ኋይት ሕመም ደግሞ የአሜሪካዊው ሉዊስ ቮልፍ ነው። ፈተና ላይ አንዱን በሌላው ተክቼ ነጥብ አጥቻለሁ።

ከፍራንክፈርት፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ደስ ይላል፣ ግን አያድንህም። ዋልተር ሙለርን ውሰድ። አንዱ ዋልተር ሙለር ፊዚሲስት ነው፣ በ1928 ከጋይገር ጋር የጨረር መቁጠሪያውን የሠራ፣ ስሙ መሣሪያው ላይ አለ። ሌላው ዋልተር ሙለር ቀዶ ሐኪም ነው፣ በ1927 የእግር መሀል ላይ ያለች አንዲት አጥንት ስትሞትና ስትጨፈለቅ የሚመጣውን ሕመም የገለጸ፣ ሙለር ቫይስ የሚባለውን። ሁለቱም ዋልተር፣ ሁለቱም ሙለር፣ በአንድ ዓመት ልዩነት። አባትና አያት ልትጨምር ነው?

የኩላሊት ክፍል ነርሷ፦ ስለ ክብር ሲወራ እኔ ዝም ማለት አልችልም። የደም ሥርን የሚያስቆጣ፣ ሳንባና ኩላሊት የሚያጠቃ አንድ ሕመም አለ፣ ለብዙ ዓመት «ቬገነር» ይባል ነበር። ፍሪድሪሽ ቬገነር በ1936 እና በ1939 ገለጸው። ሰውየው የናዚ ፓርቲ አባል እንደነበረ ኋላ ታወቀ። በ2011 የአሜሪካና የአውሮፓ ማኅበራት ስሙን አንስተው ሕመሙ በሚሠራው ነገር ጠሩት። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 አዲስ በሽታ ሲገኝ በሰው ስም እንዳይጠራ መክሯል። ስም ሲሰጥ የሰውየውን ልብ ማን አይቶ ነው? ከመጀመሪያው ባይሰጥ ይሻላል።

የፊዚዮሎጂ መምህሩ፦ በቬገነር እስማማለሁ፣ ይነሳ፣ ደግ ሆነ። ግን አንዱ ስላጠፋ ሁሉም ይነሳ ማለት አልቀበልም። ሌላ ምሳሌ ላምጣ። ከጣና እስከ ዝዋይ ያለ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቃል አለ፣ ቢልሃርዚያ። ከየት መጣ መሰላችሁ? ቴዎዶር ቢልሃርዝ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በ1851 ካይሮ ውስጥ አስከሬን ሲመረምር ደም ሥር ውስጥ የሚኖረውን ትል አገኘ። ምጽዋ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ከዚያ ጉዞ ታይፈስ ይዞት ተመልሶ በ1862 ካይሮ ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ። ስሙ አማርኛ ሆኗል። መጽሐፍ ላይ ሺስቶሶሚያሲስ ይላል፣ እስኪ አንድ እረኛ አቁማችሁ ሺስቶሶሚያሲስ በሉት። ቢልሃርዚያ ካላችሁት ግን «ወንዝ ውስጥ አትግባ» ብሎ ይመልስላችኋል። የሰው ስም ሕዝብ ውስጥ አይገባም ያላችሁ፣ ይኸው ገብቷል።

አዋላጇ፦ መምህር፣ እሺ፣ ይህችን አልመልሳትም። ግን ልብ ይበሉ፣ ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ አንድ ነው። ሰውየውም አንድ ነው። ስሙ እዚያው ጀርመንም ብዙ የሚሰማ አይመስለኝም። ሕዝቡም የለመደው አንድ ነገር ብቻ ስለሚጠራበት ነው። ሙለር ግን ማህፀን ላይም፣ ዓይን ላይም፣ እንጥል ላይም፣ እግር ላይም አለ።

የፊዚዮሎጂ መምህሩ፦ እንግዲያስ ክርክራችን ስለ ሰው ስም አይደለም፣ ስለ ሙለር ነው። በሙለር ልሸነፍ እችላለሁ። በቢልሃርዝ ግን አልሸነፍም።

ፋርማሲስቷ፦ ቢልሃርዚያን ካነሱ የእኛን ሰው ማንሳት ግድ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣዋ ናት የቢልሃርዚያን ትል የምታሳድገው። ከዚያ ተነስቶ ዕድሜውን እንዶድ ላይ ጨረሰ፣ በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር ከእንዶድ ሲለይ ለእሱ ክብር ስም ወጣለት። ምን ተባለ? ለማቶክሲን።

እኔ ይህን ተማሪ ሳለሁ ሳነብ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። ያየው አክሊሉ ነው። ለማ አባቱ ናቸው። ፈረንጅ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይዞት ክብሩ ወደ አባትየው ሄደ። ተማሪው ያነሳው ነገር በእኛው ሰው ላይ ደርሷል።

የፊዚዮሎጂ መምህሩ፦ ታዲያ አንቺ ምን ትያለሽ? ለማቶክሲንም ይቅር?

ፋርማሲስቷ፦ አይ፣ እሱንስ አላስነካም። መጽሐፍ ላይ ይቆይ፣ ለአባታቸውም ይሁን። ውጭ አገር ያለ ኬሚስት ለማ ማነው ብሎ ከጠየቀ እኛ ጋ ይደርሳል። ግን ወንዝ ዳር ወርጄ እናቶችን ሳነጋግር ለማቶክሲን ብዬ አላውቅም። እንዶድ ነው የምለው።

ጠያቂዋ፦ እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። መጽሐፋቸውን አልነካሁባቸውም፣ የእኔን ወረቀት ነው ያልኩት። ከቁጥሩ ጎን በአማርኛ «የእንቁላል ክምችት» ተብሎ ይጻፍ፣ ሙለር ከፈለገ ከሥሩ በትንሹ ይጻፍ። ሲስተር፣ ያስረዳሽኝን ለባለቤቴ አነበብኩለት። «እና ሙለር የሚባለው ሰውዬ ከእኛ ጋር ጉዳይ የለውም?» አለኝ። የለውም አልኩት።